ባክቴሪያው ከሳንባ ለምን አልወጣም?

ጠዋት ነው። ሰውየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያስላል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አስር ጊዜ። በመጨረሻ ቢጫ አክታ ይወጣል፤ አንዳንድ ቀን አረንጓዴ ይሆናል። ትኩሳት የለውም። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ትንፋሽ እያጠረውም ቢሆን ሥራውን ይሠራል። ሲኦፒዲ፣ ማለትም የአየር ቱቦዎችን የሚያጠብብ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፣ እንዳለበት ካወቀ ዓመታት አልፈዋል። በቅርቡ አክታው ተመርምሮ ባክቴሪያ ተገኘበት። ከሦስት ወር በኋላ ምርመራው ሲደገም ያው ባክቴሪያ እዚያው አለ። «ታዲያ አዲስ በሽታ ያዘኝ ማለት ነው?» ብሎ ቢጨነቅ አይፈረድበትም።

ይህ ነገር በሕክምናው ቋንቋ ኮሎናይዜሽን ይባላል። እኛ «መስፈር» እንበለው። ባክቴሪያው የሳንባ ምች አላመጣም፤ ሰውየውን አልጋ ላይ አልጣለውም። ግን አልሄደም። ጓዙን ጠቅልሎ ገብቶ አየር ቱቦው ውስጥ መኖር ጀምሯል።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከማን ተጋባብኝ?» ብሎ ነው። ጭንቀቱ ይገባኛል፤ ጥያቄው ግን ወደ መልሱ አያደርስም። ባክቴሪያማ የሁላችንም ሳንባ ውስጥ በየቀኑ ይገባል። ቁም ነገሩ መግባቱ ሳይሆን ሳይወጣ መቅረቱ ነው። ሐኪሞች «አጋላጭ ምክንያቶች» የሚሏቸውን ነገሮች በዚህ ዓይን ካየናቸው አብዛኞቹ ቁልጭ ብለው ይገባሉ።

ሳንባ ራሱን የሚጠርግበት መንገድ

አንድ አዋቂ ሰው በቀን 10,000 ሊትር ገደማ አየር ይስባል። ከአየሩ ጋር አቧራው፣ ጭሱ፣ ጀርሙ አብሮ ይገባል። ተኝተን ሳለም ከአፍና ከጉሮሯችን ጥቂት ፈሳሽ ሳናውቀው ወደ ታች ያመልጣል። ይህ ጤነኛ ሰው ላይም የሚሆን ነው። ድሮ ጤነኛ ሳንባ ከጀርም ፍጹም ንጹሕ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። አሁን እንዲያ እንዳልሆነ ታውቋል። ጥቂት ጀርሞች ሁልጊዜም አሉ፤ ይገባሉ፣ ተጠርገው ይወጣሉ።

ጠራጊዎቹን ጠጋ ብለን እንያቸው። የአየር ቱቦዎቻችን ውስጠኛ ግድግዳ ሲሊያ በሚባሉ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ነገሮች የተሸፈነ ነው። አንዱ ሴል ብቻውን 200 ገደማ ሲሊያ ይኖረዋል። የአንዱ ሲሊያ ርዝመት የሚሊሜትር አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ነፋስ እንደሚያስተኛው ሣር ማዕበል እየሠሩ አብረው ይወዛወዛሉ፤ በሴኮንድ 10 ጊዜና ከዚያ በላይ። በላያቸው ስስ የንፍጥ ሽፋን አለ። አቧራውና ጀርሙ ንፍጡ ላይ ይጣበቃል። ሲሊያዎቹ ደግሞ ንፍጡን ወደ ላይ፣ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። እኛ ሳይታወቀን እንውጠዋለን፤ የቀረውን የጨጓራ አሲድ ይጨርሰዋል። ይህ ሥራ ቀንም ሌሊትም አይቋረጥም።

ከዚህ ያመለጠውን ሳል ያስወጣዋል። ከሳል የተረፈውን ማክሮፋጅ የተባሉት ጀርም ዋጭ ሴሎች ይበሉታል። ግድግዳውን ደግሞ ፀረ እንግዳ አካላት ይጠብቁታል። አንዱ ቢደክም ሌላው ይሸፍናል። ችግር የሚመጣው ብዙዎቹ አንድ ላይ ሲደክሙ ነው።

ጭስ

ሲጋራን ቀድሜ የማነሳው በአንድ ጊዜ ብዙ ቦታ ስለሚመታ ነው። ሲሊያዎቹን ያደክማል፣ ያሳጥራል፣ ይጨርሳል። ንፍጥ አመንጪ ሴሎችን ያበዛል። ማክሮፋጆች ባክቴሪያን የመዋጥ አቅማቸው እንዲዳከም ያደርጋል። የቱቦውን ግድግዳ አቁስሎም ለባክቴሪያው የሚጣበቅበትን ቦታ ያመቻቻል። ጠራጊውን አስሮ ቆሻሻውን መጨመር ማለት ነው። ለዚህ ነው ሲኦፒዲ ካለባቸው ሰዎች መካከል አሁንም የሚያጨሱት ላይ ባክቴሪያ ሰፍሮ የመገኘቱ ዕድል ከፍ የሚለው።

ጭስ ሲባል ግን ሲጋራ ብቻ አይደለም። እንጨት፣ ከሰልና ኩበት በሚነድበት የታፈነ ቤት ውስጥ ለዓመታት ያበሰለች ሴት ሲጋራ በእጇ ሳትነካ ሲኦፒዲ ሊይዛት ይችላል። በሥራ ቦታ የሚሳብ አቧራና ኬሚካልም እንዲሁ ነው። «እኔ አላጨስም» የሚለው መልስ ብቻውን ማንንም ነጻ አያወጣም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሲጋራ ያቆሙ አንዳንድ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳል ይብስባቸዋል። «ሳጨስ ይሻለኝ ነበር» ብለው ይመለሳሉ። ያሳዝናል። ያ ሳል ብዙ ጊዜ ጠራጊው ከእንቅልፉ እየነቃ መሆኑን ነው የሚናገረው። እባክዎ እዚያች ላይ ተስፋ አይቁረጡ።

አዙሪቱ

እ.ኤ.አ. በ1986 ለንደን ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ፒተር ኮል ነገሩን በአንድ አዙሪት አስረዱት። ሐሳባቸው ያኔ ያነጣጠረው ብሮንኪኤክታሲስ ላይ ነበር። ይህ የአየር ቱቦዎች ከልክ በላይ ሰፍተው፣ ግድግዳቸው ላልቶ የሚቀሩበት በሽታ ነው። አዙሪቱ እንዲህ ይሄዳል። ጠራጊው ሲጎዳ ንፍጥ ይጠራቀማል። ንፍጡ ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመግደል ነጭ የደም ሴሎችን ይልካል። ነጭ ሴሎቹ የሚረጩት ኬሚካል ባክቴሪያውን ብቻ ሳይሆን ቱቦውንም ያቃጥላል። ቱቦው ሲጎዳ ጠራጊው የባሰ ይዳከማል። ከዚያ ተመልሶ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው።

ከእነዚህ ኬሚካሎች አንዱ ኢላስቴዝ ይባላል። ሥራው ፕሮቲን መቁረጥ ነው። ሲበዛ ሲሊያዎቹን ያዳክማል፣ ንፍጥ እንዲጨምር ያደርጋል፣ ከዚያም አልፎ ባክቴሪያውን የሚይዙትን ፀረ እንግዳ አካላት ራሳቸውን ይቆርጣቸዋል። መከላከያው የራሱን መሣሪያ ይሰብራል ማለት ነው።

አክታው አረንጓዴ የሚሆነውስ ለምንድን ነው? ብዙ ሰው ባክቴሪያው ራሱ አረንጓዴ ስለሆነ ይመስለዋል። አረንጓዴው ቀለም በዋነኛነት የሚመጣው ከነጭ የደም ሴሎቹ ነው። ውስጣቸው ብረት ያለበት አረንጓዴ ኢንዛይም ይዘዋል። ብዛታቸው በጨመረ ቁጥር አክታው ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ስለዚህ የአክታዎ ቀለም ውስጥ ያለው ውጊያ ምን ያህል እንደጋለ ያሳያል። ሰውየው ጠዋት ጠዋት የሚያየው ይህንን ነው።

ባክቴሪያውም ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንዳንዱ ራሱ በሠራው ዝልግልግ ሽፋን ውስጥ ተሰብስቦ ይኖራል። ባዮፊልም ይባላል። እዚያ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ አንቲባዮቲክም ነጭ የደም ሴልም በቀላሉ አይደርስበትም። ሌላው ደግሞ የቱቦው ግድግዳ ሴሎች ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። ለ10 ቀን መድኃኒት ተወስዶ ተሽሎ፣ ከወር በኋላ ያው ባክቴሪያ ብቅ የሚለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ማን ይበልጥ ይጋለጣል?

ሲኦፒዲ ባለባቸው ሰዎች ላይ በብዛት የሚሰፍረው ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ስሙ ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ1892 ሪቻርድ ፋይፈር የተባሉ ጀርመናዊ ተመራማሪ የኢንፍሉዌንዛ መንስኤ ይህ ነው ብለው ስላመኑ የወጣለት ስም ነው። ኢንፍሉዌንዛን የሚያመጣው ግን ቫይረስ ነው። ከሄሞፊለስ ሌላ ሞራክሴላና ኒሞኮከስ ይገኛሉ። በሽታው እየገፋ ሲሄድ ደግሞ ሱዶሞናስ ይመጣል፤ እሱን ለብቻው እመለስበታለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ የስፔን ጥናት ከሳንባቸው በቀጥታ ናሙና ከተወሰደባቸው፣ በሽታው ካልተባባሰባቸው የሲኦፒዲ ሕሙማን ከአራቱ አንዱ ላይ ባክቴሪያ አግኝቷል። በሽታው በተባባሰባቸው ላይ ደግሞ ግማሽ በሚሆኑት ላይ ተገኝቷል። ስለዚህ አክታዎ ውስጥ ባክቴሪያ ከተገኘ ብቻዎን አይደሉም።

የቱቦው ጥበት ሲጨምር ዕድሉ ይጨምራል። ስፓይሮሜትሪ በሚባለው የትንፋሽ ምርመራ ሲለካ በአንድ ሴኮንድ የሚወጣው አየር ባነሰ ቁጥር ባክቴሪያ ሰፍሮ የመገኘት ነገር ይበዛል። በኃይል ማሳል የማይችል ሳንባ አክታውን ማስወጣት ያቅተዋል። በዓመት ውስጥ ደጋግሞ የሚባባስባቸው ሰዎችም እንዲሁ ናቸው። እዚህ ላይ የትኛው መንስኤ፣ የትኛው ውጤት እንደሆነ መለየት ይከብዳል። አዙሪት ነውና ሁለቱም ነው።

ሲኦፒዲው ላይ ብሮንኪኤክታሲስ ከተጨመረማ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። የሰፉት ቱቦዎች ውስጥ አክታው ይቋጥራል። ብሮንኪኤክታሲስ ራሱ ብዙ ጊዜ የአሮጌ ቁስል ጠባሳ ነው። በልጅነት የያዘ ከባድ ኩፍኝ፣ ትክትክ ወይም የሳንባ ምች፣ ከዓመታት በፊት ታክሞ የዳነ ቲቢ ይህን ጠባሳ ትተው ሊሄዱ ይችላሉ። ቲቢው ድኗል፤ ቱቦው ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም። «ቲቢዬ ተመልሶ መጣ እንዴ?» ብለው የሚጨነቁ ሰዎች አሉ። አንዳንዴ በእርግጥ ተመልሶ ይሆናል፤ ስለዚህ ሁልጊዜም መመርመር አለበት። አንዳንዴ ግን ቲቢው ጠባሳ ባስቀረበት ቦታ ሌላ ባክቴሪያ ሰፍሮ ነው።

በተፈጥሮ የሚመጡም አሉ። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባለው በሽታ ንፍጡን ወፍራምና ተጣባቂ ያደርገዋል። መንስኤው የሆነው ዘረመል የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ሲሊያቸው ከልደት ጀምሮ በትክክል የማይወዛወዝ ሰዎችም አሉ። ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው የሚመግል፣ አፍንጫው የማይደርቅ፣ ሁሌ የሚያስል ወጣት ካለ ይህ ሊታሰብ ይገባል። የደም ፀረ እንግዳ አካላት ማነስም በቀላል የደም ምርመራ የሚገኝ፣ ብዙ ጊዜ ግን ሳይታሰብ የሚታለፍ ምክንያት ነው። ኤችአይቪና ሌሎች የመከላከል አቅምን የሚቀንሱ ሁኔታዎችም እዚሁ ይመደባሉ። የሰውነት ክብደት መቀነስና የምግብ እጥረትም መከላከያውን ያደክማሉ።

ሰው የማይጠረጥረው አንድ ምንጭ ደግሞ ከላይ ያለው ነው። አፍ ማለቴ ነው። የተበላሸ ጥርስና የታመመ ድድ የባክቴሪያ መጋዘን ነው። ሌሊት ወደ ሳንባ የሚያመልጠው ፈሳሽ ይህንን ይዞ ይወርዳል። የሚውጡት ነገር ትን የሚላቸው ሰዎች፣ ስትሮክ ያገኛቸው፣ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ የሚመለስባቸውም ከዚህ ወገን ናቸው። ሲበሉ ወይም ሲጠጡ ደጋግሞ ትን የሚልዎት ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ሳል ለሚያስቸግረው ሰው ትልቅ ፍንጭ ነው።

ጉንፋንም ድርሻ አለው። ሲኦፒዲ ባለበት ሰው ላይ ተራ የጉንፋን ቫይረስ ሲገባ መከላከያውን ያናጋዋል። ጥቂት የነበሩት ባክቴሪያዎች ከቀናት በኋላ ይራባሉ። «ጉንፋኑ ለቀቀኝ ስል ደረቴ ላይ ወረደ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

መድኃኒቱም ሲያጋልጥ

ይህን ክፍል በጥንቃቄ አንብቡልኝ፤ ሰው ሳይገባው መድኃኒቱን እንዲያቆም አልፈልግም።

በአፍ የሚሳብ ስቴሮይድ በቱቦው ውስጥ ያለውን እብጠትና ቁጣ ያበርዳል። ነገር ግን የአካባቢውን መከላከያም አብሮ ያለዝበዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱ የወጣውና ከ6,000 በላይ የሲኦፒዲ ሕሙማንን ለ3 ዓመት የተከታተለው ቶርች የተባለ ትልቅ ጥናት ስቴሮይድ የሚስቡት ላይ የሳንባ ምች በዝቶ አግኝቷል። ይህ ማለት መድኃኒቱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ለአስም ሕይወት አዳኝ ነው። ለሲኦፒዲም ደጋግሞ ለሚባባስባቸውና በደማቸው ውስጥ ኢኦሲኖፊል የሚባለው ሴል ከፍ ላለባቸው በእጅጉ ይጠቅማል። ይህ ሴል በጣም ዝቅተኛ ለሆነባቸው፣ የሳንባ ምች ለሚመላለስባቸው ሰዎች ግን ጥቅሙና ጉዳቱ እንደገና ሊመዘን ይገባል። ሚዛኑን የሚይዘው ሐኪሙ ነው። እርስዎ ጥያቄውን ያንሱ፤ በራስዎ ግን አያቁሙ። ከሳቡ በኋላ አፍዎን በውሃ ተጉመጥምጠው መትፋትዎን አይርሱ። እሱ ቢያንስ የአፍ ፈንገስን ይከላከላል።

አሁን ወደ ሱዶሞናስ እንምጣ። ይህ ባክቴሪያ በእርጥበት ውስጥ የሚኖር፣ ብዙ አንቲባዮቲክ የማይበግረው፣ ባዮፊልም መሥራት የሚችልበት ነው። የአውሮፓ የሕክምና መመሪያ ሲኦፒዲው በተባባሰበት ሰው ላይ ሱዶሞናስን ለመጠርጠር አራት ነገሮችን ያያል፦ በቅርቡ ሆስፒታል መተኛት፣ በዓመት ከ4 ዙር በላይ ወይም ባለፉት 3 ወራት አንቲባዮቲክ መውሰድ፣ የአንድ ሴኮንድ ትንፋሽ ከሚጠበቀው 30 በመቶ በታች መሆን፣ እና ባለፉት ሁለት ሳምንታት በቀን ከ10 ሚሊግራም በላይ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የሚዋጥ ስቴሮይድ መውሰድ። ከእነዚህ ሁለቱ ካሉ ሐኪሙ ሱዶሞናስን ያስባል።

ሁለተኛውን ልብ ይሏል። አንቲባዮቲክ ራሱ ለሱዶሞናስ መንገድ ይጠርጋል። ደካሞቹን ባክቴሪያዎች ገድሎ ቦታውን ለጠንካራው ይለቅለታል። ሳል በመጣ ቁጥር ያለ ምርመራ ከፋርማሲ ገዝቶ የሚውጥ ሰው ሳያስበው የሚያደርገው ይህን ነው። ይህ ነገር ሲደጋገም ሳይ በእውነት ያስጨንቀኛል። ምክንያቱም ሱዶሞናስ ከሰፈረ ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 21 ጥናቶችን አሰባስቦ ያየ ግምገማ ብሮንኪኤክታሲስ ካለባቸው ሰዎች መካከል ሱዶሞናስ ያለባቸው የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ 3 እጥፍ ገደማ፣ ሆስፒታል የመግባት ዕድላቸው 7 እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል።

ነቡላይዘር፣ ማለትም መድኃኒትን እንደ ጭጋግ አድርጎ የሚያስስብ መሣሪያ፣ ቤት ውስጥ የሚጠቀሙ ካሉ አንድ ቃል፦ ዕቃው ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ ታጥቦ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። እርጥብ ሆኖ የሚያድር ዕቃ ለእንዲህ ያለው ባክቴሪያ ይመቸዋል።

ባክቴሪያ ተገኘ፤ ከዚያስ?

ተገኘ ማለት ሁልጊዜ አንቲባዮቲክ ይሰጥ ማለት አይደለም። ሰውየው እንደ ወትሮው ከሆነ፣ አክታው ካልበዛ፣ ቀለሙ ካልተቀየረ፣ ትንፋሹ ካልባሰ፣ ሐኪሙ ዝም ሊል ይችላል። ብዙ ሕሙማን ይህን ቸልተኝነት አድርገው ይወስዱታል። ቸልተኝነት አይደለም። በሌላ በኩል መስፈር ምንም ጉዳት የለውም ማለትም ትክክል አይደለም። በዝምታ ውስጥ ቁጣው ይቀጥላል፤ ትንፋሽም በጊዜ ብዛት ይቀንሳል። ለዚህ ነው ዛሬ ብዙ ባለሙያዎች ብሮንኪኤክታሲስ ላይ «መስፈር» ከማለት «ሥር የሰደደ ኢንፌክሽን» ማለትን የሚመርጡት። ያው ባክቴሪያ በአንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ በ3 ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ከተገኘ ይህን ስም ይሰጡታል።

የባክቴሪያው ዓይነት መቀየሩም ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ጥናት አዲስ ዝርያ የገባባቸው የሲኦፒዲ ሕሙማን በሽታው የመባባስ ዕድሉ ከእጥፍ በላይ እንደሚሆን አሳይቷል። የቆየውን ሰውነት ለምዶታል፤ አዲሱን ግን አያውቀውም።

ሱዶሞናስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገኝ ነገሩ ይለያል። ብሮንኪኤክታሲስና ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ላይ ሐኪሞች ሳይቃጠል በቅጠል ብለው ሥር ሳይሰድ ለማጥፋት ይሞክራሉ። በሚዋጥ፣ በሚሳብ ወይም በደም ሥር በሚሰጥ አንቲባዮቲክ ይሆናል፤ የሚሳበው እስከ 3 ወር ሊቀጥል ይችላል። ደጋግሞ ለሚባባስባቸው ደግሞ አዚትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ በትንሽ መጠን ለወራት ይሰጣል። እሱን ከመጀመር በፊት የልብ ምት በኢሲጂ መታየት አለበት፤ የመስማት ችግር ካለም መነገር አለበት። አክታውም ከቲቢና የቲቢ ዘመድ ከሆኑ ባክቴሪያዎች ነጻ መሆኑ ይረጋገጣል።

ከሁሉ በፊት ግን ጠራጊውን ማገዝ ይቀድማል። ጭስ ማቆም። የኢንፍሉዌንዛና የኒሞኮከስ ክትባት መውሰድ። ጥርስ ማከም። በእግር መሄድና የሳንባ ማገገሚያ እንቅስቃሴ። አክታ ለሚበዛበት ሰው ደግሞ አክታ የማስወጫ ልምምድ ከፊዚዮቴራፒስት ተምሮ በየቀኑ መሥራት። በዝግታና በጥልቀት መሳብ፣ ጥቂት ይዞ መቆየት፣ ከዚያ አፍን ከፍቶ መስታወትን በትንፋሹ እንደሚያደበዝዝ ሰው «ሃህ» ብሎ ትንፋሹን ማስወጣት። ቀላል ይመስላል። በደንብ ከተሠራ ግን ደረት ውስጥ የተቋጠረውን አክታ ያንቀሳቅሳል።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው በመጀመሪያ የቲቢ ምርመራ ያድርግ። ደም ከተፋ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ደረቱን ከወጋው ወይም ትንፋሽ ድንገት ካጠረው ቀጠሮ አይጠብቅ።

ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ላቦራቶሪ ውስጥ አሳድጎ ለሚለየው ምርመራ፣ አክታ ሲጠየቁ ደግሞ ምራቅ አይስጡ። ጠዋት ተነስተው አፍዎን በንጹሕ ውሃ ይጉመጥመጡ። ሁለት ሦስት ጊዜ በጥልቀት ተንፍሰው ከደረትዎ ሥር ያስሉ፤ ወፈር ያለው እስኪመጣ ድረስ። ዕቃውን በደንብ ከድነው ሳይውል ሳያድር ላቦራቶሪ ያድርሱ። ከተቻለም አንቲባዮቲኩን ከመጀመርዎ በፊት ይሁን።